ማሽኑ ሲገባ የእኛም ድርሻ ይጻፍ

«የአቃቂ ሠራተኛ ሥልጣኔ ይጠላል» የሚለውን ስድብ ከእንግዲህ ዝም ብዬ አላልፈውም። አቃቂን አቃቂ ያደረጋት ማሽን ነው። ባቡሩ፣ የጨርቃ ጨርቁ፣ የቃጫውና የመለዋወጫው ፋብሪካ ባይኖሩ ይህ ሰፈር ዛሬም የገበሬ ማሳ ነበር። እናቶቻችንና አባቶቻችን በሌሊት ፈረቃ ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት መሃል ቆመው አሳድገውናል። ማሽኑን የጠላው የለም። የሚያንገበግበን ማሽኑ ያተረፈው ሁሉ ወደ አንድ ኪስ መግባቱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት። አሠሪው ምርታማነት ለማሳደግ አዲስ ቴክኖሎጂ ለመጠቀም ከወሰነና በዚህ ምክንያት ሥራው ከታጠፈ፣ ሠራተኛውን በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ተሰናባቾቹ ከጠቅላላው ሠራተኛ ቢያንስ 10 በመቶ ከሆኑ «ቅነሳ» ይባልና ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መመካከር ግድ ይሆናል። ካልደረሱስ? ዘንድሮ ጥቂት፣ ከርሞ ጥቂት እያለ የሚያሰናብተውን አሠሪ ማን ያስቆመዋል?

ክፍያውንም እናስላ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሪው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ ያገኛል፤ ድምሩ የ4 ወር ነው። በቅነሳ ከወጣ የ60 ቀን ይታከልለታል። የ6 ወር ደመወዝ! ዕድሜውን ፈትል ክፍል የጨረሰ ሰው በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ይክፈል፣ ልጅ ያስተምር ወይስ አዲስ ሙያ ይማር?

አባቴ ከእነዚህ አንዱ ነበር። የተበጠሰ ክር በጣቱ የሚቀጥል ሰው ነበር፤ አዲሱ ማሽን ራሱ መቀጠል ሲጀምር አሰናበቱት። የተሰጠው ገንዘብ ክረምቱን አላሻገረንም። በስተርጅና የሰው መጋዘን ጥበቃ ሆነ። ማሽኑን አንድ ቀን ሲረግም አልሰማሁም። «አሠራሩን አሳዩኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር» ይል ነበር፤ ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ባለሀብቱ እኮ ማሽኑን በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ ያስገባል። የተተወው ቀረጥ የማን ነው? የሕዝብ ነው። ያን ካዝና ከሚሞሉት አንዱ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ግብር የሚቆረጥበት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ያ ማሽን ከጉምሩክ ሲወጣ የሠራተኛውም ገንዘብ አለበት። በገዛ ገንዘቡ በተደገፈ ማሽን እንጀራውን የተነጠቀ ሰው ሲቆጣ «ፀረ ልማት» ማለት ግፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ቁጣው ግን አቅጣጫ ይፈልጋል። ፎርክሊፍትና ክሬን ሥራቸውን ያጠበበባቸው ጫኝና አውራጆች ቤት የምትቀይር እናት በር ላይ ቆመው፣ ላልነኩት ዕቃ ክፈሉን ሲሉ ያመኛል። ችግራቸው እውነት ነው። ሆኖም ሸክማቸውን የወሰደባቸው ባለ ክሬኑ እንጂ ያቺ እናት አይደለችም። የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ አውራጆችን ተመልከቱ። ኮንቴይነር ሥራቸውን ሊወስድ ሲመጣ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በሃሪ ብሪጅስ የሚመራው ማኅበራቸው ከአሠሪዎች ጋር ተዋዋለ። ማሽኑ ይግባ አሉ፤ በለውጡም ቋሚ የማኅበሩ አባላት ከሥራ እንዳይወጡና አሠሪዎቹ በአምስት ዓመት ተኩል 29 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኛው ፈንድ እንዲያስገቡ አስፈረሙ። አሠሪው ወድዶ አልሰጠም። ወደቡን በአንድ ቃል ማቆም የሚችሉ ሰዎች ስለጠየቁት ነው የሰጠው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ የንጉሡን መንግሥት ለድርድር አስቀምጧል። ያኔ ከጠየቀው አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነበር። አዋጅ 1156ም የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጻፈ፤ ዓመታት ተቆጠሩ፣ ወለሉ ግን ሳይወሰን ቆየ። ወለል የሌለው ሠራተኛ ከማሽን ጋር በምን ዋጋ ይወዳደራል?

እኔ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ከቀረጥ ነፃ ማሽን የሚያስገባ ሁሉ፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ማሽኑ የስንት ሰው ሥራ እንደሚያጥፍና እነማንን በምን ወጪ እንደሚያሠለጥን በጽሑፍ ያቅርብ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ይፈርምበት። በኤጀንሲ የተቀጠሩትም ከቁጥር አይጣሉ፤ መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ ናቸውና። መንግሥት ይህን እስኪደነግግ መጠበቅም የለብንም፤ በኅብረት ስምምነት ዛሬውኑ መደራደር ይቻላል። በመጪው ድርድር ይህን አንቀጽ ይዞ የማይቀርብ የማኅበር መሪ በመዋጯችን ከተቀመጠበት ወንበር ይነሳልን።