ከቤት የራቁት ልጆች



በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እንዲዘምቱ ታቅዶ ነበር። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ከእናታቸው ቤት ውጪ አድረው የማያውቁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ነበሩ። ይህ እትም የእነሱ ነው።

የዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ተጽፎበታል። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው በማስረዳትና የገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት መድከማቸውም የታወቀ ነው። እኔን የያዘኝ ናፍቆታቸው ነው።

ታላቅ እኅቴ ዘማች ነበረች። እናታችን የቋጠረችላትን ዳቦ ቆሎ በቀን አንድ እፍኝ እየዘገነች አቆየችው። ሲያልቅ ጨርቁን አላጠበችውም፤ ትራሷ ሥር አድርጋ ማታ ማታ ታሸተው ነበር። በኩራዝ ብርሃን የጻፈችው ደብዳቤ ጥጉ ላይ የጥላሸት የጣት አሻራ አለበት፤ ዛሬም አልለቀቀም።

ፊደል ልታስቆጥር የሄደችው ልጅ ከምንጭ ውኃ መቅዳትን፣ እንሥራ በጀርባ ማዘልን የተማረችው ከአንዲት ባልቴት ነው። ወባ ሲጥላት ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጠው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽ እስክትደርስ እኔ አለሁልሽ» ይሏት ነበር። እኅቴ እማማ የምትላቸው እስከ ዛሬ ሁለት ሰዎችን ነው።

የቀድሞ ዘማቾችን ያኔ ወደ ቤት ያልጻፉትን እንዲጽፉልን ለመንናቸው። አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ ጀምረው አቋረጡት፤ አልጨከንባቸውም፣ ጠበቅናቸው። የእኅቴንም ደብዳቤ ከነጥላሸቱ አትመነዋል።

አዘጋጁ