ከዚህም ከዚያም፦ ወፏ ስትጠራ ማን ይመልስላታል?

እነሆ አምዳችን እንደተለመደው ከዚህም ከዚያም እየቃረመ ሊያወጋችሁ መጥቷል። የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት ወፍ ነው። ትንሽ ናት፤ መልኳም ደብዘዝ ያለ ነው፤ በአጠገባችሁ ብታልፍ ልብ አትሏትም። ሥራዋን ስትሰሙ ግን "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ማለታችሁ አይቀርም።

ወፏ ማር መሪ ትባላለች። ከሰሐራ በታች ባለው ሰፊ የአፍሪካ ክፍል፣ በአገራችንም ሆነ እዚህ ኬንያ ውስጥ ትገኛለች። የምትወደው ምግብ የንብ ሰምና እጭ ነው። ሰም በልቶ የሚፈጭ እንስሳ ብዙ የለም፤ እሷ ግን ትችላለች። ችግሯ ንቦቹ ናቸው። የጫካ ንብ ቤቱን የሚሠራው ዛፍ ግንድ ወይም አለት ስንጥቅ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ተባብረው ከነደፏት ሕይወቷን ሊያሳጧት ይችላሉ። ሰው ደግሞ መጥረቢያ አለው፣ እሳት አለው፤ አጢሶ ንቡን ያበርዳል። ማሩ የት እንዳለ ግን አያውቅም። እሷ ታውቃለች። አንዱ የሌለውን ሌላው ያሟላል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚግባቡት? ይህን በሚገባ ያጠኑት ኬንያዊው ተመራማሪ ሁሴን ኢሳክ ናቸው። ከባልደረባቸው ከራየር ጋር ሆነው በሰሜን ኬንያ የቦረና ማር ቆራጮችን እየተከተሉ ያዩትን በ1989 እ.ኤ.አ. "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። ቦረናዎቹ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው፣ ወይም በቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ወይም በተቦረቦረ የዘንባባ ፍሬ ያፏጫሉ። ፉጨቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። ወፏ ስትሰማ ትመጣና ቅርብ ቅርንጫፍ ላይ አርፋ እየተቁነጠነጠች ትጮሃለች። ከዚያ ብር ትላለች፤ ሰዎቹ ይከተላሉ፤ ራቅ ብላ አርፋ ትጠብቃቸዋለች። እነሱም ዝም አይሉም። እያፏጩ፣ እንጨት እየመቱ፣ ጮክ ብለው እያወሩ "አለን፣ እየመጣን ነው!" ይሏታል። ስትደርስ ድምጿ ይለወጥና ጥቂት ቆይታ ዝም ትላለች። በቃ፣ ማሩ እዚያ ነው።

ጥቅሙም በቁጥር ተለክቷል። ያለ ወፏ አንድ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ፣ ከእሷ ጋር ግን 3.2 ሰዓት ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ያለ ሰው አይሆንላትም። ከተገኙት የንብ ቤቶች 96 ከመቶ የሚሆኑት ሰው ካልከፈታቸው በቀር ለወፏ የማይደረስባቸው ነበሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏችኋል ይሄ ነው!

አሁን ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ይህችን ወፍ ማን አስተማራት? እናቷ እንዳንል እናቷን አታውቃትም። ማር መሪ እንቁላሏን የምትጥለው በሌሎች ወፎች ጎጆ ነው። ጫጩቷም ገና ከመፈልፈሏ በሹል ምንቃሯ የባለቤቶቹን ልጆች ትገድላለች። በሰው ቤት ተወልዳ የቤቱን ልጆች ፈጅታ ነው የምታድገው! እንግዲህ የመምራቱን ነገር ይዛው ሳትወለድ አትቀርም። የሰዎቹን ጥሪ ግን ከአካባቢዋ ትማራለች። በሞዛምቢክ የያኦ ሰዎች ወፏን የሚጠሯት "ብርርር-ህም" እያሉ ነው። በታንዛኒያ ሃድዛዎች ደግሞ በፉጨት ይጠሯታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሁለቱንም ድምፆች በሁለቱም አገር አሰሙ። የታንዛኒያዎቹ ወፎች ለሃድዛ ፉጨት የመለሱት ለባዕዱ ድምፅ ከመለሱት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። የሞዛምቢኮቹም ለያኦ ጥሪ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ምላሽ ሰጡ። ወፏ የጎረቤቶቿን "ቋንቋ" ለይታ ታውቃለች ማለት ነው። ልክ ሰፈር ውስጥ ተጫውቶ ስዋሂሊ እንደሚያቀላጥፈው ልጃችን!

ቋንቋ ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ወፏ "ተከተለኝ፣ ማር አለ" ማለት ትችላለች። "አምና እዚህ ዛፍ ላይ ስንት ማር ነበረ መሰላችሁ!" ማለት ግን አትችልም። በዓይን ስለማይታይ ነገር፣ ስለ ትናንት፣ ስለ ሩቅ አገር እንደ ልብ ማውራት የሰው ቋንቋ ጸጋ ነው። እስቲ አስቡት፣ እዚህ ካምፕ ውስጥ ለተወለደ ልጅ አገር ማለት ምንድነው? አይቶት አያውቅም። የአያቱ ግቢ፣ የወንዙ ስም፣ የጥምቀት ወይም የአረፋ ዕለት ሽር ጉድ፣ ሁሉም የሚደርሱት በወሬ ብቻ ነው። ወሬው ከተቋረጠ መንገዱም ተቋረጠ።

የማር መሪም ታሪክ መጨረሻው ይህንኑ ይነግረናል። ሰዎች ስኳር ከሱቅ መግዛት ሲጀምሩና የጫካ ማር መቁረጥ ሲተዉ፣ በየቦታው ወፏ ሰው መምራቷ እየቀረ መጥቷል። ልብ በሉ፣ ወፏ አልጠፋችም። ሰውም አልጠፋም። የጠፋው መግባባቱ ነው። ትጠራለች፣ የሚመልስላት የለም፤ ቀስ በቀስ ትተዋለች።

ፊልም የምትወዱ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን አራተኛውን "ስታር ትሬክ" ታስታውሱ ይሆናል። ከጠፈር የመጣ ግዙፍ ነገር ምድርን ይጣራል። የሰው ቋንቋ አይደለም፤ የዓሣ ነባሪ ዜማ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹን ግን ሰው አድኖ ጨርሷቸዋል። መላሽ ስለጠፋ ምድር ልትጠፋ ትደርሳለች። ልብ ወለድ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም።

በየብሎኩ የምናየው ነው። እናት በአማርኛ ትጠራለች፣ ልጅ በስዋሂሊ ይመልሳል። አያት ከአገር ቤት ስትደውል ልጁ "ደህና ነኝ" ብሎ ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። ከዚያ በላይ ቃል የለውማ! ስዋሂሊና እንግሊዝኛ መማሩ ደግ ነው፤ የትምህርት ቤቱም የገበያውም ቋንቋ ነው፣ ይወቀው። የቤቱን ቋንቋ ግን ትምህርት ቤቱ አያስተምርለትም። የሚማረው እኛ ስንጠራውና መልሱን ስንጠብቅ ነው። ሲሳሳት አንሳቅበት። የሳቁበት ልጅ ዝም ይላል። ማታ ማታ ራት እስኪደርስ አንድ ተረት፣ አንድ እንቆቅልሽ ብንለው ገንዘብ አያስወጣንም። "እንቆቅልህ?" ስንል "ምን አውቅልህ!" የሚል መላሽ እንፈልጋለን። ይህ ለአማርኛ ብቻ አይደለም፤ ኦሮምኛውም፣ ሶማልኛውም፣ አኙዋኩም፣ ኑዌሩም ያው ነው።

በሉ እንግዲህ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁና እንለያይ። ማር መሪን በእናንተ አገር ማን ብላችሁ ትጠሯታላችሁ? ስትጠሯትስ ምን ትላላችሁ? ከገጠር የመጣችሁ፣ በተለይ ማር የቆረጣችሁ አባቶች፣ ለልጆቻችሁ ንገሩና በልጆቻችሁ እጅ አጽፋችሁ ላኩልን። የደረሰንን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!