ይድረስ በሊሾ ላይ በካልሲ ለምትሄዱ

እናንተ የባሌ ሮቤና ጎባ ሰዎች፣ ስለ ካልሲ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሥራ ፈት ነው ብትሉ አልቀየምም። ግን እስቲ የቤታችሁን ወለል ተመልከቱ። በእበት የተለቀለቀ ወለል እግርን ይይዝ ነበር። ሊሾው ቀጥሎም ሴራሚኩ ሲመጣ ቤቱ አማረ፣ ለመጥረግም ቀለለ፤ በካልሲ ለሚሄድ ሰው ግን መንሸራተቻ ሆነ።

ጫማችሁን በር ላይ ማውለቃችሁ ደግ ነው፤ የሲናና ጥቁር ጭቃ ወደ ቤት የሚገባ ነገር አይደለም። በባዶ እግር እንዳትሄዱ ደግሞ ብርዱ አለ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች፤ ጠዋት ሲሚንቶ የረገጠ ያውቀዋል። ስለዚህ የቀረው ካልሲ ነው። ተራ ካልሲ ደግሞ በለሰለሰ ወለል ላይ ምንም አይዝም። ቡና ሲፈላ ሊሾው ላይ እርጥብ ቄጠማ ከተጎዘጎዘማ ጨርሶ አይጣል ነው።

መላው በታቹ የጎማ ነጠብጣብ የተረጨበት ካልሲ ነው። ገበያው የዮጋ ካልሲ ይለዋል። ዮጋ ከሕንድ የመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። የሚገርመው ዮጋ በልማዱ የሚሠራው በባዶ እግር ነው፤ ምንጣፍ ላይ ከባዶ እግር የሚሻል የለም። በእኔ ግምት ይህ ካልሲ ከዮጋ ሠሪው ይልቅ የሚጠቅመው ለሌላ ሰው ነው። ሌሊት ለውዱእ ወይም ለጸሎት ለሚነሱ አዛውንት፣ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ስፖርት ለምትሠራ ወጣት፣ መራመድ ለጀመረ ሕፃን ይሁን እላለሁ። ለሕፃን የሚሆነው በየሱቁ ተሰቅሎ ታዩታላችሁ፤ የአዋቂው ግን ፈልጉ ፈልጉ ያሰኛል።

ስትገዙ ከነጠብጣቡ በፊት ልኩን እዩ። ካልሲው ከሰፋ ነጠብጣቡ ወለሉን ቆንጥጦ ይይዛል፣ እግራችሁ ግን ውስጡ ይንሸራተታል፤ ያኔ መውደቅ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት መጠምዘዝም አለ። የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ካልሲ አንዳንዱ በውስጥም በውጭም ጎማ ያለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ተረከዙ በቦታው መቀመጥ አለበት፣ ጣቶች ጫፍ ላይም ትርፍ ጨርቅ መኖር የለበትም። አፉ ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እግራቸው ለሚያብጥና የስኳር ሕመም ላለባቸው፣ ሲወልቅ ባት ላይ ቀለበት የመሰለ ምልክት የሚተው ካልሲ አይሁን። እግሩ የደነዘዘ የስኳር ሕመምተኛ በየማታው ካልሲውን አውልቆ እግሩን ይመልከት፤ ቁስሉን ስሜቱ አይነግረውም።

ነጠብጣቡን በእጃችሁ ፈትኑት። ጨርቁን ወጠር አድርጉት፤ ነጠብጣቡ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከተነሳ መልሱት። ቀጥሎ በሱቁ መስታወት ላይ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ጎትቱት፤ የሚደናቀፍ ከሆነ ደህና ነው፣ የሚሄድ ከሆነ ጌጥ ነው። ሲሊኮን የሆነው ለስለስ ይላል፣ ሙቀትም ይችላል፤ ርካሹ ፕላስቲክ ግን ቶሎ ይደርቅና ይላጣል። ነጠብጣቡ መሀል እግር ላይ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ የምንረግጠው በተረከዝና ከጣት ሥር ባለው ሥጋ ነው። ጨርቁን በተመለከተ ጥጥ ላብን ይጠጣል፣ ግን አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ እግርንም ያቀዘቅዛል። ሱፍ የተቀላቀለበት እርጥብ ሆኖም ያሞቃል፤ ለባሌ እሱን እመርጣለሁ።

ካላገኛችሁ መስታወት የሚለጠፍበትን ሲሊኮን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝታችሁ ራሳችሁ ሥሩት። በእግራችሁ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ካልሲው ውስጥ አስገቡና ወጥሩት፤ ሳይወጠር ከተቀባ ስትለብሱት ይሰነጠቃል። ከዚያ ጥቃቅን ነጠብጣብ ጠብ ጠብ አድርጉበትና አንድ ሙሉ ቀን ይደር። ሽታው ከባድ ስለሆነ ደጅ ሥሩት። መልኩ አያምርም፤ ማን ያየዋል?

አጠባው ላይ ብዙዎች ያበላሹታል። ካልሲውን ገልብጡና በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ፣ በልብስ ሳሙና፣ በእጅ እሹት። በረኪና ላስቲኩን ይበላዋል። ልብስ ማለስለሻ ነጠብጣቡ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ያዳልጠዋል። ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት።

ማድረቁ የባሌ ዋና ችግር ነው። ገና እና ቦና የምትሏቸው ሁለቱ የዝናብ ወቅቶች የዓመቱን አብዛኛውን ይይዙታል፤ ስንዴና ገብሱን በዓመት ሁለቴ ያሳጭዳሉ፣ ልብስን ግን ገመድ ላይ ያከርማሉ። ያን ጊዜ ካልሲውን ከሰል ምድጃ አፍ ላይ መዘርጋት ያጓጓል፤ ግን ላስቲኩ ይልፈሰፈሳል፣ የፕላስቲክ ነጠብጣቡም ይቀልጣል ወይም ይደርቃል። ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከጣቱ በኩል ስቀሉት። ሳይደርቅ መልበስ በጣቶች መካከል ፈንገስ ይጋብዛል። ሁለት ሦስት ጥንድ ይኑራችሁ የምለው ለዚህ ነው።

በነጠብጣቡ ላይ አቧራና ፀጉር ከተለጠፈበት አዲሱም ካልሲ እንደ አሮጌ ይሆናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ይህን ካልሲ አድርጋችሁ ደጅ አትውጡ። ወደ ሳነቴ ለመውጣት ያሰበም እዚህ የተጻፈውን ይርሳውና ወፍራም የሱፍ ካልሲና ጠንካራ ጫማ ያድርግ፤ እዚያ ከፍታው 4,000 ሜትር ያልፋል።

ውኃ የፈሰሰበትና ሰም የተቀባ ወለል ላይ ይህም ካልሲ አያድንም። በብዙ አገር ሆስፒታሎች ለተኙ ሕመምተኞች ቢሰጥም፣ ብቻውን መውደቅን እንደሚቀንስ የተጠናው ነገር ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ስለዚህ ለእናት ለአባታችሁ ካልሲውን ስትገዙ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ አብሩ፣ የፈሰሰውን ውኃም ወዲያው ጥረጉ። ነጠብጣቡ ያለቀውን ካልሲ ደግሞ «ገና አዲስ ነው» ብላችሁ ለሽማግሌ አታውርሱ፤ ወለል መወልወያ አድርጉት።