በብድር የተገዛው ቤት ደመወዝ ሲቋረጥ

በዑተይቢያ የምትኖሩ እህቶች፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ሪያላችሁ ብዙ ብር ያመጣል። አገር ቤት በባንክ ብድር ቤት መግዛት ቀላል ቢመስልም፣ ዕዳው እስኪያልቅ ቤቱ የባንኩ መያዣ ነው። ማዳም ደመወዝ ብታቆም ወይም ኢቃማ ቢያልቅ ክፍያው አይቆምም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው አገር ቤት ደርሶ እናንተ ሳትሰሙ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ክፍያ ሳያልፋችሁ ባንኩን በጽሑፍ የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቁ። በጅዳ ቆንስላ ውክልና ስትሰጡ «መከታተል» እንጂ «መሸጥ» እና «ማስያዝ» እንዳይጻፍ አንብቡ። ወንድም «ከፍያለሁ» ቢል እንኳ የባንኩን ደረሰኝ ይላክላችሁ።