የፈሩት ይደርሳል፦ የዴፍ ሌፐርድ ጥንቃቄ የበዛበት አልበም

እጅግ ከተሳካ ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። ያልተሳካለት ሰው የሚያጣው ስለሌለ ይደፍራል። የተሳካለት ግን ያገኘው እንዳያመልጠው ጨብጦ ይቀመጣል። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዴፍ ሌፐርድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በብረታ ብረት ከምትታወቀው ከሼፊልድ የተነሱት እነዚህ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1987 «ሂስቴሪያ» የተባለውን አልበም አወጡ። ከአንዱ አልበም 7 ነጠላ ዜማዎች ወጡለት፤ በአሜሪካ ብቻ 12 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ። ይህ ግን በዋዛ የመጣ አልነበረም። ከበሮ መቺው ሪክ አለን በ1984 የመጨረሻ ቀን በደረሰበት የመኪና አደጋ ግራ እጁን አጥቷል። ጓደኞቹ በሌላ ሰው አልተኩትም። የግራ እጁን ሥራ በእግሩ የሚሠራበት የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ተዘጋጅቶለት ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚህ በላይ ድፍረት ከየት ይመጣል?

ቀጣዩ አልበም «አድሬናላይዝ» ግን ሌላ ታሪክ ነው። እስኪወጣ አምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በመካከሉ፣ በ1991 መጀመሪያ ላይ፣ ጊታሪስቱ ስቲቭ ክላርክ አልኮልና በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ተደራርበውበት በ30 ዓመቱ ሞተ። ያለፉትን ትልልቅ አልበሞች የሠራላቸው መት ላንግም የፕሮዲዩሰርነቱን ሥራ እንደ ድሮው አልያዘም፤ ባንዱ ራሱ ከማይክ ሺፕሊ ጋር ተወጣው። ፊል ኮለን የሁለት ሰው ጊታር ብቻውን ተጫወተ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች የሚያውቁትን መንገድ ቢመርጡ አይገርምም። በ1992 የወጣው አልበም የ«ሂስቴሪያ» ታናሽ ወንድም ሆነ፦ ያው ተደራራቢ ድምፅ፣ ያው የተወለወለ ጊታር፣ ያው የጭፈራና የኮረዳ ወሬ። መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው ዘፈን እንኳ ቤተሰቦቹ ሥራ ሲያዙት አሻፈረኝ ስለሚል ጎረምሳ ነበር። ወዳጃቸውን ቀብረው የመጡ ሰዎች የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ሆነ።

ብዙ ተቺዎች ጥፋቱን ከዘመኑ ጋር አለመሄዳቸው ላይ ያደርጉታል። የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካን ሰንጠረዥ መርቶ ነበርና አድማጩ ሻካራና ያልተቀባባ ድምፅ ፈልጓል ይላሉ። ክሱ ግን ሚዛን አይደፋም። የሌላውን ድምፅ መቅዳትም ያው ፍርሃት ነው። ደግሞም «አድሬናላይዝ» በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ወጥቷል፤ በአሜሪካ ለ5 ሳምንታት ቦታውን ይዞ ቆይቷል። በ1996 «ስላንግ» በተባለው አልበም ድምፃቸውን ሲቀይሩ ግን በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ እንኳ አልገቡም።

እውነተኛው ጥፋት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማስረጃውም እዚያው አልበም ውስጥ አለ። «ዋይት ላይትኒንግ» የተባለው ዘፈን ለክላርክ የተሠራ ነው። ከ7 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፣ ለመነሳት አይቸኩልም፣ ሐዘኑንም አይደብቅም። ጊታሩ ያው ጊታር፣ ተቀባዮቹም ያው ተቀባዮች ናቸው። እዚህ ግን ያ ሁሉ ግዙፍ ድምፅ የሚሸከመው ነገር አገኘ። ባንዱ ድምፁን ሳይቀይር ሊደፍር ይችል እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል? ቁስሉን ለአንድ ዘፈን ብቻ ፈቀዱለት፤ በቀሩት ላይ ፈገግታ ለጠፉበት።

በሕይወታቸው ደፋሮች ነበሩ። አንድ እጁን ያጣ ጓደኛቸውን ጠብቀዋል፣ ከሞት በኋላም አልተበተኑም። ድፍረቱ ስቱዲዮው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። በአሜሪካ የ12 ሚሊዮኑ ተከታይ 3 ሚሊዮን ላይ ቀረ። 3 ሚሊዮን ለማንም ትልቅ ቁጥር ነው፤ ያለፈውን ላለማጣት ሲባል ብቻ ለተሠራ ሥራ ግን የፈሩት ደረሰ ማለት ነው።

ትልቅ ስኬት ያገኘ ሁሉ፣ ዘፋኝም ይሁን ደራሲ ወይም ነጋዴ፣ በማግስቱ «ያንን እንዴት ልድገመው?» ብሎ ይጨነቃል። የሚሻለው ጥያቄ «ከዚያ ወዲህ ምን ደረሰብኝ?» የሚለው ነው። ሰው የሚያምነው እሱን የመለሰ ሥራ ነው።