ጎተራው የማን ነው?

በየመድረኩ «በጎ አድራጊ» እየተባለ የሚሞገሰው ባለጸጋ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ይገዛል፤ የቀን ሠራተኞቹን ደመወዝ ግን ወር ያሻግራል። (አጨብጫቢዎቹም እኛው ነን።)

በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቀጰዶቅያ በተራበችበት ወቅት፣ የቂሳርያው ባስልዮስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስላሰበው ባለጠጋ ሰብኮ ነበር። ሰውየውን ያበለጸገው እርሻው እንጂ ስርቆት አልነበረም። ባስልዮስ ግን ከፍላጎት በላይ የተከማቸውን እህል የተራበው ሰው ንብረት አድርጎ ቆጠረው። እንግዲህ መስጠት ቸርነት ከመባሉ በፊት ዕዳን መክፈል ነው ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በመላ አገሪቱ የነበረው ምግብ ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ እንዲያውም የተወሰነ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር። ምርቱ የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውም፤ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ነጋዴው በዚህ ሕግ ጣሰ ሊባል አይችልም፤ የሚከብደውም ይኸው ነው። ሕግ ያልከለከለውን ስግብግብነት ማን ይክሰሰው? ባስልዮስ የራሱን ሀብት ለድሆች ከማዋሉም በላይ የባለጠጎቹን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቷል። በስሙ የተጠራ ቅዳሴ ያለን እኛ ግን ከዐውደ ምሕረቱ አዘውትረን የምንሰማው የለጋሾችን ስም ዝርዝር ነው።