ስለ ቀን ሠራተኞች ጤናና ስለ ኮንዶም

ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት ከጎንደር ደጋ፤ ከጎጃምና ከወሎ ብዙ ጎልማሶች ለቀን ሥራ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። የሰሊጥ ፍሬ ሳይረግፍ በጥቂት ቀን ውስጥ መታጨድ ስላለበት ባለ እርሻው ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሠራተኛውም ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ በዳስ ሲያድር ሰንብቶ፤ ደመወዙን በተቀበለ ዕለት ወደ ከተማ ይወጣል። ድካምና ብቸኝነት ከመጠጥና ከገንዘብ ጋራ ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ከዚያ የተገኘ ቂጥኝ፤ ጨብጥ ወይም ኤች አይ ቪ በቆላ አይቀርም። ከሰውየው ጋራ ቤቱ ገብቶ ምንም ለማታውቀው ሚስቱ፤ ከእርስዋም ለፅንስዋ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጋብቻን ማክበር እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ነገር ግን ራሱን መግዛት ያልቻለው ሰው ከነሚስቱ ይጥፋ ማለት አይገባም። ኮንዶም በያንዳንዱ ጊዜ በሚገባ ከተደረገ ኤች አይ ቪንና ጨብጥን አጥብቆ ይከላከላል፤ የቂጥኝ ቁስል ግን ባልተሸፈነ ገላ ላይ ሊኖር ስለሚችል በዚህ ሙሉ በሙሉ አይታገድም። ሙቀት ላስቲኩን ስለሚያበላሸው በቆላ ፀሐይ በኪስ ይዞ መሰንበት አይገባም፤ ቅቤ፤ ዘይትና ቫዝሊንም ያሳሳዋል። ቀኑ ያለፈበት አይወሰድም፤ አንዱ ሁለት ጊዜ፤ ወይም ሁለቱ ተደርቦ አይደረግም።

ኤድስ በአገራችን በሐኪሞች የታወቀው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሲሆን፤ መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ለሌላ አያስተላልፍም። ቂጥኝም ቢሆን በፔኒሲሊን ይድናል። እንግዲህ ሰውን የሚጐዳው ከበሽታው ይልቅ ሳይመረመሩ መቆየት ነው።

አንዳንድ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ኮንዶም ማደል ዝሙትን መፍቀድ ነው ይላሉ። ለመንገደኛ ዱላ የሚሰጥ ሰው ግን አውሬ ቢመጣ ይከላከልበት አለ እንጂ ጠብ አላዘዘም።

ስለዚህ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሁሉ፤ ኮንዶሙን በጥላ ስፍራ ያለ ዋጋ አኑሩ፤ ለምርመራ የሚሄድበትን ቀን ከደመወዙ አትቍረጡ፤ እርሱ ከፈቀደም ከገንዘቡ ከፍሎ ለሚስቱ በባንክ እንዲልክ እርዱት። ሠራተኛው የሸጠላችሁ ጉልበቱን ብቻ ነውና፤ ጤናውን ይዞ ወደ ልጆቹ ይመለስ ዘንድ አስቡለት።